አፉን በፈታ ማግሥት የሚሳደብ ሕፃን፦ ቃሉ ከየት መጣ? ወላጅስ ምን ይመልስ?

አንድ ስድብ በሕፃን አፍ ውስጥ የሚሰነብተው ቃሉን መጀመሪያ ያሰማው ሰው ስላለ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሲደግመው ሰምቶ የሳቀ ወይም የደነገጠ ሰው ስላለም ጭምር ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ለሚያሳድጉ የሀዋሳ ወላጆች፣ አያቶችና ሞግዚቶች ነው። በከተማችን ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል፤ በር ተከፍቶ ይዋላል፤ ልጅ ከአከራይና ከጎረቤት ልጆች ጋር ይጫወታል፤ እናቱ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ወደ ገበያ ስትሄድም ጎረቤት ዘንድ ይቆያል። በመናኸሪያ፣ በባጃጅ ውስጥ፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ልጁ የሚሰማውን ሁሉ መከልከል የሚችል ወላጅ የለም። ቃሉ ቤት ከገባ በኋላ የሚጠብቀውን ምላሽ መወሰን ግን በወላጅ እጅ ነው።

ቃሉ እንዴት እንደሚገባ

አብዛኞቹ ሕፃናት አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የመጀመሪያ ቃላቸውን ይናገራሉ። በአንድ ዓመት ተኩልና በሁለት ዓመት መካከል የሚናገሯቸው ቃላት ብዙውን ጊዜ ሃምሳ ደርሰው ያልፋሉ፤ ሁለት ዓመት አካባቢም ሁለት ቃል እያጋጠሙ «እማዬ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» ማለት ይጀምራሉ። ከዚህ በኋላ የሚያውቁት ቃል በፍጥነት ስለሚበዛ አንድን ቃል ለመያዝ ብዙ ድግግሞሽ አያስፈልጋቸውም። ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች አንድ የማያውቁትን የቀለም ስም በተለመደ የዕለት ሥራ መሃል እንደ ዋዛ አሰምተዋቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ልጆች ከቀናት በኋላም ስለዚያ ቃል አንዳች ነገር ይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገርኩት» የሚለው የአባት ማስተባበያ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜውም ይበቃል።

ስድብ ደግሞ ከሌላው ቃል ይልቅ ለመያዝ የተመቸ ነው። ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነገራል፤ ከሌላው ንግግር ተነጥሎ ብቻውን ይወጣል፤ የሚወጣውም የሰዎች ፊት በሚለዋወጥበት ቅጽበት ነው። ሕፃን ልጅ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ያልገባው ነገር ሲገጥመው የአሳዳጊውን ፊት አይቶ ነገሩ የሚያስፈራ ይሁን የሚያስደስት ይለያል። ባጃጅ ነጂ መንገድ የዘጋበትን ሰው ሲሰድብ፣ እናት ምጣድ እጇን ሲያቃጥላት፣ ኳስ የሚያዩ ወንዶች ቡድናቸው ጎል ሲስትባቸው የሚወጣው ቃል፣ ልጁ ዐይኑን ከሰዎቹ ፊት በማይነቅልበት ሰዓት የሚነገር ቃል ነው። ትርጉሙን አያውቅም፤ የሚያውቀው ያ ድምፅ በትልልቆች ላይ አንድ ትልቅ ነገር እንደሚያደርግ ነው።

መልካሙም ቃል የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት በመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ፣ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ሲሉ ጎረቤት በፈገግታ ተቀብሎ ያበላቸዋል። ከነርሱ ኋላ እየተንገዳገደ የሚከተለው የሁለት ዓመት ሕፃን የሰላምታውን ትርጉም ባያውቅም ቃሉ የሰውን ፊት እንደሚያበራ አይቶ ይይዘዋል። ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» ሲባልም እንዲሁ ነው። ይኸው ሕፃን ጎረቤቱን «አንተ አህያ» ብሎ ሲጠራ ያደረገው ነገር በእርሱ በኩል ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ትልቁ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ያለን ልጅ «ባለጌ» ብሎ መፈረጅ ከእውነት የራቀ ነው፤ ቃሉም ራሱ ስድብ ስለሆነ ልጁ ይማረዋል።

በእኔ እምነት በእኛ ዘንድ ሕፃናትን ስድብ በማስተማር ከመንገዱም ከቴሌቪዥኑም ይልቅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በፍቅር የሚደረግ አንድ ጨዋታ ነው። አጎት ወይም የአባት ጓደኛ ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «እስቲ አባትህን ስደበው» ይለዋል። ልጁ በኮልታፋ አንደበቱ «ደደብ» ሲል ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ «እስቲ አንዴ ድገማት» ይባላል፤ ይሳማል፣ ይታቀፋል፣ ከረሜላ ይሰጠዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ልጅ ያንኑ ቃል ለአያቱ ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርቱ ሲናገር ግን ይመታል። በልጁ በኩል ሆነን ካየነው ይህ ፍርድ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ትናንት ያስሳመው ቃል ዛሬ ለምን እንደሚያስመታው የሚነግረው የለም። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለው ተረት ጥፋቱን ወደ ልጁ ያዞራል፤ እዚህ ላይ ግን እንጨቱን ያቀበለው ትልቁ ሰው ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ምክሮች አንዱን ብቻ የሚተገብር ቤተሰብ ቢኖር፣ ይህን ጨዋታ ዛሬውኑ ቢተው እመርጣለሁ።

ልጆች ያዩትንና የሰሙትን ሳይደግሙት ይዘው እንደሚቆዩ የሚያሳይ የታወቀ ጥናትም አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው በአየር የተሞላ አሻንጉሊትን ሲደበድብና ኃይለ ቃል ሲናገር ያዩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በኋላ ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲገናኙ ድብደባውንም ንግግሩንም ደግመውታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ደብዳቢው ሲቀጣ በፊልም ያዩ ልጆች ድርጊቱን ብዙም አልደገሙትም፤ ነገር ግን ያዩትን ቢያሳዩ ሽልማት እንደሚያገኙ ሲነገራቸው ቅጣቱን ካላዩት ልጆች ባላነሰ ሁኔታ አድርገው አሳይተዋል። ቅጣቱ ልጆቹ ድርጊቱን እንዳያወጡት አደረገ እንጂ ከውስጣቸው አላጠፋውም። ይህን ግኝት ስለ ቅጣት ስንነጋገር ተመልሰን እናነሣዋለን።

ሀዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይሰማሉ፤ ሕፃንም ከሁሉም ይለቅማል። ወላጅ በማያውቀው ቋንቋ የተነገረ ስድብ እንደ አዲስ ቃል ተቆጥሮ ሊጨበጨብለት ይችላል፤ ስድብነቱ የሚታወቀው ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤት ሰምቶ ሲቀየም ነው። ስለዚህ ልጁ የማይታወቅ ቃል በቁጣ ድምፅ ሲደጋግም ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤትን ለብቻው «ይቅርታ፣ ልጄ እንዲህ ይላል፤ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው «ያንን ቋንቋ እንዳትናገር» ብሎ መከልከል ነው። ልጁ አንድ ቃል እንዲተው ተፈልጎ የጎረቤቱን ቋንቋ በሙሉ መናቅን ይማራል፤ ይህም ከስድቡ የከፋ ጉዳት ነው።

መጀመሪያ ሲሰማ

ልጁ ስድቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር፣ በሚቀጥሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚያየው ፊት ብዙ ነገር ይወስናል። ፊትን ሳይለውጡ፣ ሳይስቁና ሳይጮኹ የያዙትን ሥራ መቀጠል፣ ወይም ልጁ ሊናገር የፈለገውን ገምቶ በተገቢው ቃል መመለስ ይበቃል። ለምሳሌ ኳሱ አልጋ ሥር ገብቶበት ስድብ ቢያወጣ «ኳሱ ገባብህ? ና እናውጣው» ብሎ መርዳት ነው። አንድ ቃል ምንም ካላስከተለ ብዙ ጊዜ በራሱ ይረሳል። ሳቁን መግታት ያቃተው ሰው ዞር ማለት ወይም ወደ ማድ ቤት መግባት ይሻለዋል፤ ስቆ ወዲያው መቆጣት ግን ልጁን የትኛውን እንደሚያምን ያሳጣዋል።

ብዙ ወላጅ በንዴት «ምን አልክ? እስቲ ድገመው!» ይላል። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን እንደ ተግሣጽ አይረዳውም፤ ድገም ስለተባለ ይደግማል፤ ስለታዘዘም ይመታል። «ማን አስተማረህ?» የሚለውም ጥያቄ በዚህ ዕድሜ ፋይዳ የለውም። ልጁ ወይ መልሱን አያውቀውም፣ ወይ በቅርብ ያየውን ሰው ስም ይጠራል፤ በዚህም ሳቢያ ምንም ያላጠፋ ጎረቤት ወይም ሠራተኛ ይወቀሳል። ምንጩን ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ ልጁን ከመመርመር ይልቅ ለጥቂት ቀናት ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ቃሉን ምን ሲገጥመው እንደሚናገርና በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚናገረው ቢያስተውል ይበልጥ ያገኘዋል፤ ሕፃናት ቃሉን ከነዜማው ስለሚወስዱ ድምፁ ራሱ ከማን እንደመጣ ይናገራል።

ሲደጋግመው

ቃሉ ከተደጋገመ ዝምታ ብቻውን አይበቃም፤ ምላሹም በልጁ ዕድሜ ይወሰናል። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማስረዳት አይቻልም፤ ቃሉን አልፎ ትኩረቱን ወደ ሌላ ነገር መውሰድ ይበቃል።

በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ያለ ልጅ አጭር ዐረፍተ ነገር ይገባዋል። ወላጅ ዐይኑ ከልጁ ዐይን ጋር እንዲስተካከል ዝቅ ብሎ፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ እንዲህ ሊለው ይችላል፦ «ይህ ቃል ሰው ያስከፋል። እኛ ቤት አንለውም። ከተናደድክ ‹ተናደድኩ› በል።» ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ንዴቱ የትልቅ ሰው ያህል ነው፤ ንዴቱን የሚገልጽበት ቃል ግን የለውም። ወንድሙ መጫወቻውን ሲነጥቀው ያለው አማራጭ መንከስ፣ መምታት፣ ማልቀስ ወይም ከትልልቆች የሰማውን ያንን ኃይለኛ ቃል ማውጣት ነው። ስድቡን ከአፉ ነጥቆ በምትኩ ምንም አለመስጠት ልጁን ወደ መንከስና ወደ መምታት ይመልሰዋል።

ስለዚህ ምትክ ቃል ያስፈልገዋል። «አልፈልግም»፣ «ተወኝ»፣ «የኔ ነው»፣ «ደከመኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ተናደድኩ» የሚሉት ለስሜቱ ይሆኑታል፤ ወድቆ ወይም ነገር ተሰብሮበት ለሚደነግጥበት ጊዜ ደግሞ «ወይኔ!»፣ «ኤጭ!»፣ «ኡፍ!» የመሳሰሉ ማንንም የማያስከፉ ቃላት አሉ። እነዚህን ማስተማር የሚቻለው በንዴቱ ሰዓት አይደለም፤ ገላውን ሲታጠብ፣ ሲበላ፣ በአሻንጉሊት ሲጫወት ነው። ወላጅ የራሱን ስሜት በቃል ሲናገር መሰማቱም ይረዳል፤ «ውሃ ስለጠፋ ተናድጃለሁ፤ ቆይ በጀሪካን እንቀዳለን» የምትል እናት፣ ንዴት ያለ ስድብ መነገር እንደሚችል በተግባር ታሳያለች።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ነገር አለ። ምትክ ቃሉ መሥራት አለበት። ልጁ «ተወኝ» ሲል ታላቅ ወንድሙም ቤተሰቡም ካልሰሙት፣ ሲሳደብ ግን ሁሉም ሮጦ ከመጣና መጫወቻው ከተመለሰለት፣ የትኛው ቃል ዋጋ እንዳለው ቤቱ ራሱ አስተምሮታል። «ተወኝ» ባለ ቁጥር ወዲያው ተነሥቶ «‹ተወኝ› ብሎሃል፤ ስጠው» ብሎ ማስከበር፣ ልጁንም «በቃል ስለተናገርክ ጎበዝ» ማለት ከማንኛውም ቅጣት ይበልጣል። ስድቡን ተናግሮ የሚጠይቀውን ነገር ግን ቢያለቅስም እንኳ በዚያ ቅጽበት መስጠት አይገባም፤ ተረጋግቶ በሌላ ቃል ሲጠይቅ ይሰጠዋል።

ትኩረት የተነፈገ ስድብ ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ቀናት ሊብስ እንደሚችል ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ቀድሞ ሳቅ ወይም ጩኸት ያመጣለት የነበረው ቃል ዝም ሲባል ልጁ ድምፁን ጨምሮ፣ ሰው መርጦ፣ ደጋግሞ ይሞክራል። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዱላ የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምላሹ መሥራት የጀመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሳቅለት ስድብ ሁልጊዜ ከሚሳቅለት ይልቅ ለመጥፋት ይዘገያል፤ ስለዚህ ስድስት ቀን ዝም ብሎ በሰባተኛው ቀን መሳቅ ነገሩን ከመጀመሪያው ያከብደዋል።

ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ ቃሉ በሌላው ሰው ላይ የሚያደርሰውን ማየት ይጀምራል። «እህትህ አለቀሰች፤ አየሃት?» ማለት አሁን ትርጉም አለው። ጨዋታ መሃል ሲሳደብ ጨዋታውን ለአጭር ጊዜ ማቆምና «ስንሳደብ ጨዋታው ይቆማል» ማለት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም መልሶ መጀመር ይቻላል፤ ይህ የሚሠራው ወዲያውኑና በየጊዜው ሳይዛነፍ ሲደረግ ነው። በዚህ ዕድሜ የሽንት ቤት ቃላት ልጆችን ክፉኛ ያስቃሉ፤ «ካካ» የሚለውን በማንኛውም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባሉ። ይህ ብልግና አይደለም፤ ከዳይፐር የወጣ ልጅ ሰውነቱን እያወቀ ነው። «ይህን ቃል ማለት ስትፈልግ ሽንት ቤት ሄደህ በለው» ማለት ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል፤ የሚሰማው ሰው በሌለበት ቃሉ ጣዕሙን ያጣልና።

በርበሬ፣ ጥፊና ማስፈራሪያ

በብዙ ቤት የሚታወቅ፣ ነገር ግን በግልጽ የማይነገር ቅጣት አለ። የተሳደበን ልጅ ከንፈር ወይም ምላስ በበርበሬ ወይም በሚጥሚጣ መቀባት፣ አልፎ አልፎም በበርበሬ ጭስ ማጠን ነው። ያደጉበት ሰዎች ልጅ ለማረም ብለው እንጂ በክፋት አያደርጉትም፤ ሆኖም አደገኛ ነው፤ በማንኛውም ምክንያት ሊደረግ አይገባም። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአፍ፣ በዐይንና በአየር ቧንቧ ያሉ ነርቮችን ይቀሰቅሳል። የሚያለቅስ ሕፃን አየርን በኃይል ስለሚስብ ዱቄቱ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል፤ የሕፃን አየር ቧንቧ ጠባብ ስለሆነም ሲያብጥ ወይም ሲኮማተር ትንፋሽ ያጥረዋል። አስም ላለበት ልጅ ጭሱ ብቻውን ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

በርበሬ እንዴትም ይሁን በልጁ አፍ ከገባ፣ ካፕሳይሲን በውሃ ስለማይሟሟ ውሃ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወተት ማጠጣት ይሻላል። ዐይኑን ከነካው ለበርካታ ደቂቃዎች በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ እጁንም በሳሙና መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ መልሶ ዐይኑን ያሻበታል። ሳሉ ካላቆመ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ጥፊም ቢሆን ያሰቡትን አያመጣም። የሁለት ዓመት ልጅ ሕመሙን ከእናቱ እጅ ጋር እንጂ ከቃሉ ጋር አያገናኘውም፤ ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ ባንዱራ እንዳየው ቃሉን በሚመታው ሰው ፊት አፍኖ ይይዝና በሌላ ቦታ ያወጣዋል። «እኛ ቤት እንዲህ አይልም» የሚሉ ወላጆች ስለ ልጃቸው ከመምህርት ሲነገራቸው የሚገረሙት በዚህ ምክንያት ነው። በመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ስለተሳደበ ቢመታ ወላጅ ዝም ማለት የለበትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ፣ ጭካኔ ከተሞላበትና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ልጄን አትምቱት» የሚል ወላጅ ውለታ እየጠየቀ አይደለም።

«ጅብ ይበላሃል»፣ «ፖሊስ ይወስድሃል»፣ «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚሉ ማስፈራሪያዎች ለአንድ ቀን ዝም ያሰኛሉ፤ ዋጋቸው ግን ኋላ ይከፈላል። በክትባት ቀን የጤና ባለሙያዋን ሲያይ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም በሐይቁ ዳርቻ በበዓል ሕዝብ መሃል ጠፍቶ ከፖሊስ የሚሸሽ ልጅ፣ እንዲህ ሲባል ያደገ ሊሆን ይችላል።

ከቤተሰቡ ጋር መስማማት

አንድ ሰው የሚያስተካክለውን ሌላው የሚስቅበት ከሆነ ልጁ ምንም አይማርም። አያትን ማናገር ከሁሉ ይከብዳል፤ በአክብሮት ሲሆን ግን ይቻላል፦ «እማማ፣ ሲሳደብ ባይስቁለት ደስ ይለኛል፤ ከርስዎ ሳቅ የሚበልጥበት ነገር የለም።» ይህ እውነትም ምስጋናም ስለሆነ ቅሬታ አይፈጥርም። ለአጎት ደግሞ ክልከላ ብቻውን አይበቃውም፤ ከልጁ ጋር የሚስቅበትን ሌላ ጨዋታ መስጠት ይሻላል። «አህያ እንዴት ትጮኻለች?» ብሎ ማስጮህ፣ እንግዳን «እንደምን ዋላችሁ» አስብሎ እጅ ማስጨበጥ፣ እስክስታ ማስመታት ያው ሳቅ ያስገኛል። ልጁ የሚፈልገው ሳቁን ነው፤ በየትኛው ቃል እንደሚያገኘው የሚወስነው ቤተሰቡ ነው።

የቤት ሠራተኛዋ ስድብ ስታስተምር ተገኘች የሚለው ክስ በየቤቱ ይሰማል። ከዚህ በፊት ቤቱ እርሷን እንዴት እንደሚጠራት መታየት አለበት። «ደንቆሮ»፣ «የማትረቢ» እየተባለች የምትሠራ ልጅ ባለችበት ቤት ሕፃኑ ስድብን፣ ከዚያም በላይ ማንን መስደብ እንደሚቻል በየቀኑ ይማራል። እርሷን በስሟ መጥራትና «እባክሽ» ማለት ለልጁ የሚደረግ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ «እህቴ፣ ልጁ የሰማውን ሁሉ ይደግማል፤ እኔም አንቺም እንጠንቀቅ» ብሎ መነጋገር ይቻላል። በቡና ላይ የሌለ ሰው ሲታማ የሚነገረውም ቃል እንዲሁ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ሲጫወት የማይሰማ የሚመስለው ልጅ ይሰማል።

ወላጁ ራሱ ሲያመልጠው፣ ለምሳሌ ባጃጅ ሲያሽከረክር፣ ረዘም ያለ ማስተባበያ አያስፈልግም። «አባዬ መጥፎ ቃል ተናገረ፤ ይቅርታ። ተናድጄ ነበር» ማለት በቂ ነው።

ሰው ፊት ሲሆን

በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቅጥር፣ በሞላ ታክሲ ውስጥ ልጅ ሲሳደብ ወላጅ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ለተመልካቹ ብሎ ነው። የሚሻለው ለተሰደበው ሰው «ይቅርታ፣ ገና ቃል እየለየ ነው» ማለት፣ ለልጁ ያችኑ አጭር ዐረፍተ ነገር መድገም፣ ካልተረጋጋም ይዞት ወጣ ማለት ነው። የሁለት ዓመት ልጅን አስገድዶ «ይቅርታ በል» ማሰኘት ትርጉም የለውም፤ ወላጁ ሲጠይቅ ማየቱ ግን ይጠቅመዋል። ሦስት ዓመት ካለፈው የተከፋችውን አያት ውሃ አቅርቦ እንዲታረቃት ማድረግ ይቻላል።

ስልክና ቴሌቪዥን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ይገልጻል። ለስድብ ጉዳይ ዋናው ጥንቃቄ ትልልቆች ራሳቸው የሚያዩት ነው። በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ሰዎች ሲሰዳደቡ ድምፁ ተከፍቶ የሚታይበት ቤት ውስጥ ልጁ ስልኩን ባይነካም ትምህርቱ ይደርሰዋል፤ የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ወይም ልጁ እስኪተኛ መቆየት ቀላል መፍትሔ ነው።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ስድብ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። ያለ ፈቃድ ስድብ የሚያስወጣው ቱሬት የተባለው ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከአምስት ዓመት ዕድሜ በኋላ ከፊትና ከትከሻ ድንገተኛ እንቅስቃሴዎች ጋር ሲሆን፣ ስድብ የሚያወጡትም ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ነገር ግን ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ የሰማውን ብቻ እየደገመ የራሱን ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ይናገራቸው የነበሩ ቃላትን የተወ፣ በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ወይም ከስድቡ ጋር ራሱንና ሌሎችን ለሳምንታት አዘውትሮ የሚጎዳ ልጅ በቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት፤ መስማቱም አብሮ ይመረመር። ወደ ሐኪም ከመሄድ በፊት ልጁ የሚናገራቸውን ቃላት መጻፍ፣ ከተቻለም ሲናገር በስልክ መቅረጽ ምርመራውን ያግዛል።

ከዚህ ሁሉ ለይቶ መታየት ያለበት ልጁ ወሲባዊ ቃላትን ዕድሜው ከማይፈቅደው ድርጊት ጋር ሲያሳይ፣ ከአንድ ሰው ዘንድ መዋልን በድንገት ሲፈራ፣ ወይም በሽንት ጊዜ ሕመም ሲሰማው ነው። በዚህ ጊዜ ቁጣም የጥያቄ ጋጋታም መልሱን ይደብቃል። ልጁ የሚናገረውን ሳያቋርጡና ቃል ሳያቀብሉት ማዳመጥ፣ ከተጠረጠረው ሰው ወዲያው ማራቅ፣ ገላውን ሳያጥቡና ልብሱን ሳይቀይሩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ፣ ጉዳዩንም ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ማሳወቅ ያስፈልጋል። ልብሱ አስቀድሞ ተቀይሮ ከሆነ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይወሰድ።